የሚተጣጠፈው ክንፍሽ በረረ

ልጄ ማስተዋል፣ ሆዴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፤ የምሥራቹን ግን ማቆየት አልቻልኩም። ክንፍሽ በረረ።

እዚህ ፍኖተ ሰላም ጤፉ ገብቷል። አባትሽ ጣሪያውን አደሰው። ጭልፊቱ ዛሬም ጫጩቶቼን አይምርም። ልጅ ሳለሽ አባርሪው ብዬ ስጮህ ድንጋዩን በእጅሽ እንደያዝሽ ክንፉን ስታዪ ትቀሪ ነበር። ያለ ማጠፊያ እንዴት ይታጠፋል ትይኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ጫጩቴን አስበላሽኝ ብዬ እቆጣለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጪም ያንኑ ጥያቄ ይዘሽ መጣሽ። የአውሮፕላን ክንፍ ራሱ እየጎበጠ ቅርፁን ቢለውጥ አየሩን ሳይረብሽ ይሄዳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል አልሽኝ። ከሥር እንደ ዓሣ አጥንት የተሰደሩ ቀጫጭን ዘንጎች፣ ከላይ እንደ ጎማ የሚሳብ ስስ ቆዳ። ያስቸገረሽ ያ ቆዳ ነበር፤ ክንፉ ሲጎብጥ ይጨማደዳል። ወጥረን እንለጥፈው ብለሽ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠሽኝ። ስስቅ ይላላብኛል፤ አንቺም እየሳቅሽ ትቆጪኛለሽ። ሙጫው ከቀሚሴ እስካሁን አልለቀቀም።

ክንፉ ሳይበር ሕመም ቀድሞ ወሰደሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛሽ ሐያት ክንፉን በትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ላይ ገጥማ ከቡሬ ይዛው መጣች። እማማ፣ ቢሰበር ሌላ የለንም፤ ላብርረው ወይስ ይቀመጥልዎ? አለችኝ። እጅሽ ያረፈበት የመጨረሻ ነገር ነው፤ ሳጥን ውስጥ ብቆልፍበት በወደድኩ። አንቺ ግን ለሳጥን አልሠራሽውም። አብርሪው አልኳት።

ጤፉ በታጨደበት ሜዳ ለቀቀችው። ነፋስ ሲመታው አዘነበለ። ከዚያ የክንፉ ጫፍ ቀስ ብሎ ጎበጠ፣ ቆዳውም አንዲት መስመር ሳያወጣ ተከተለው፤ ቀና ብሎ ዞረና ወደ እኛ ተመለሰ። ጥቁር እንደለበስኩ እልል አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ። በሐዘን ላይ እልል ስል ሲሰሙ ለየላት ብለው ነው። ሰማዩን ሲያዩ ግን የእሳቸው እልልታ የእኔን አስናቀው። ሲደክማቸው፣ ለመሆኑ ይሄ የማን ነው? አሉኝ።

ለሙት ዓመትሽ ካህናቱ በክርስትና ስምሽ ያስቡሻል። ሜዳ ላይ ለሚጠይቀኝ ግን እኔ ባወጣሁልሽ ስም እመልሳለሁ። ለእሳቸውም እንዲያው መለስኩ፤ እስካለሁም ለጠየቀኝ ሁሉ እላለሁ፦ የማስተዋል ነው።

እናትሽ