የረሺድን በር የበየድኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ወርቅውሃ፣ አንኮበር።

እማዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ሳልሽ ሁሉ እንዴት ነው? ወንድሜ ምንዳዬ፣ ሚስቱ ሸዋአለም፣ ይህን የምታነብልሽ ልጃቸው ልደትም ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ተመስገን ነው፣ አለን። ልደትዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ደስ የማይል ቦታ ላይ ስትደርሺም ዘለሽ እንዳታልፊ አደራ።

እንደምታውቂው ጦርነቱን ሸሽተን ከነበርንበት ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም ተመልሰናል። ዐማራት በሚባለው ሰፈር ድሮ ምግብ የማበስልበት የረሺድ ቤት ግድግዳው ቆሟል፤ በርና መስኮቱ ግን ከነመቃኑ ተነቅሎ ሄዷል። ባለቤቴ ሰብስቤ ደግሞ ገዳሪፍ ላይ ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ ማንኪያ እንኳ አያነሳም። ስንት ዓመት በብየዳ ያኖረኝ ሰው፣ ዛሬ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ረሺድ ክፉ ሰው አይደለም። «የጓሮዋ ክፍል የእናንተ ናት፣ እናንተ በሮቼን ሥሩልኝ። ካልቻላችሁ ሌላ በያጅ ከነቤተሰቡ ላስገባባት ነው፣ አትቀየሙኝ» አለን። የት እንገባለን? «እንችላለን» አልኩት። ሰብስቤ ዞሮ አየኝና «ማን ነው የሚችለው?» አለ። «እኔ» አልኩ።

እንግዲህ እማዬ፣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው፤ ልጅሽ ብረት በያጅ ሆናለች። እኛ አገር ብረት የሚነካውን ሰው ምን እንደሚሉት ጠፍቶኝ አይደለም። ካሳነሽ ጎረቤታችን ሰምታ «የወርቅውሃ ልጅ ቀጥቃጭ ሆና ቀረች» ትበል። ልጅ ሆኜ ማረሻ ልታሠሪ ስትሄጂ፣ ቀጥቃጮቹ ደጅ ውሃ እንዳልጠጣ ቆንጥጠሽ ነበር የምትወስጂኝ። ማረሻውን ግን ከእነሱው ነበር የምናመጣው።

ማሽኑን ልንገዛ ኦምዱርማን ገበያ ሄድን። ገንዘቡ ገዳሪፍ ሻይ እየሸጥኩ ያጠራቀምኩት ነው። የሰብስቤ አሮጌው፣ በኤሌክትሮድ የሚሠራው፣ በጦርነቱ ተዘርፏል፤ እሱ ደግሞ እንደዚያው ያለ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ሻጩ ዘንድ ሞከርኩት። ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እንደ መዥገር ይጣበቃል። ሚግ የሚሉትን ሲያስይዘኝ ግን ሌላ ነው፤ ምላጩን ስትስቢው ሽቦው ራሱ እየወጣ ይቀልጣል፣ ያንቺ ሥራ እጅሽን ማስኬድ ነው። «ይሄ የሰነፍ ነው» አለ ሰብስቤ። «እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አልኩት። ሻጩ ትልቁን ሊያሸክመን ሲል ግን ሰብስቤ ኩርፊያውን ረሳና፣ የረሺድ ጄኔሬተር ያን እንደማይችለው፣ ማሽኑም ቀጭን ብረት አቅልጦ እንደሚበሳ አስረዳው። ትንሹን ወሰድን። ማሽኑ የሚፈልገውን የጋዝ ሲሊንደር ሰብስቤ ከድሮ የሥራ ጓደኛው ተዋሰ።

ከዚያ በኋላ መከራዬን አየሁ። የዚህን አገር ሙቀት አታውቂውም፤ በዚያ ላይ ወፍራም ልብስ፣ ጓንት፣ የፊት መከለያ። ላቤ ዓይኔ እየገባ አላይም። ከረሺድ መርወሐ፣ ማራገቢያ ማለቴ ነው፣ ለመንኩና ከጎኔ አቁሜ ስሠራ ዋልኩ። ከሩቅ ሲያዩት ብየዳ ይመስላል፤ ጠጋ ስትዪ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ረሺድ መጥቶ በጣቱ ነካካውና «ወይንሸት፣ በር ሥሪ አልኩሽ እንጂ ኪስራ ጋግሪ አልኩሽ?» ብሎ ሳቀ። ኪስራ እዚህ የሚበሉት ስስ እንጀራ ነው። ከዚያ ማዕዘኑን ይዞ ቢያወዛውዘው ቋ ብሎ ተላቀቀ። ሳቁም ቆመ። «እስከ ጁምዓ አያለሁ» ብሎኝ ሄደ፤ እስከ ዓርብ ማለቱ ነው።

ሽቦ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ብረቱን ፈገፈግኩ፤ ያው ቀዳዳ። ሰብስቤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ቆይቶ ቆይቶ ድንገት ተነሳና በደህና እጁ ማራገቢያውን ከሶኬቱ ነቀለው። ለራሱ ሊወስደው መስሎኝ፣ እማዬ፣ ያልሰደብኩት ስድብ የለም፤ አባቱንም አልማርኩለት። እሱ ግን «አንቺ ሴትዮ፣ ጋዙን እኮ ንፋስ እየወሰደው ነው! የቀለጠውን ብረት ጋዝ ካልሸፈነው ይቦረቦራል። አንቺ ስትቀዘቅዢ ሥራው ሞተ» አለኝ። «እስካሁን ለምን ዝም አልከኝ?» ስለው «መች ጠየቅሽኝ?» አለ። እውነቱን ነው። የታመመ ሰው እንዳላደክም ብዬ ነው ያልጠየቅኩት፤ እሱ ለካ የናቅኩት መስሎት ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ወንበሩን አጠገቤ አድርጎ በጆሮው ይሠራል። ድምፁ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲጠበስ እንደሚለው ሲሆን «ያላ፣ ሂጂ» ይለኛል፤ ሲንጣጣ ያስቆመኛል። እኔ በላብ ተጠምቄ፣ እሱ እየተቆጣኝ፣ ሁለታችን አንድ በያጅ ወጣን።

ጁምዓ ዕለት ረሺድ ሲመጣ የግቢው በር ቆሞ ነበር። በእግሩ መታው፣ በትከሻው ገፋው፣ ሽማግሌው ሰውዬ እንደ ልጅ ተንጠለጠለበት። ምንም አልሆነም። «ኸላስ፣ ያ ሐዳዳ፣ ቤታችሁ ነው» አለኝ። ኸላስ በቃ፣ ያ ሐዳዳ ደግሞ አንቺ ቀጥቃጪት ማለት ነው፤ በእሱ አፍ ስድብ አይደለም።

ደክሞኛል እማዬ። አንገቴ ተገትሯል፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ በነጠላ ጫማ ስሠራ ፍንጣሪው እግሬን በልቶኛል። ገና የውስጥ በሮች አሉ፣ መስኮቶች አሉ፤ ጎረቤቱም «የእኛንስ?» እያለ ይመጣል። ሥራ ሲመጣ ሰው ይደሰታል፤ እኔ ረሺድ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሩ ከወደቀ ወደ አንቺ እመጣለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። በሩ አልወደቀም። ክረምት ሳይገባ ነይ ያልሽኝ ስለዚህ አይሆንም፤ እንዳትጠብቂኝ። ምርቃትሽን ብቻ ላኪልኝ፣ እጄን መርቂልኝ።

ሰብስቤ ጉልበትሽን ይስማል። ምንዳዬን ትከሻውን ሳሙልኝ፤ ሸዋአለምን፣ አንቺን ስለምታጥብልኝ እግዜር ይስጥሽ በሉልኝ። ለካሳነሽም ቀጥቃጯ ሰላም ብላሻለች በሏት። ልደትዬ፣ ከአያትሽ አጠገብ ያለው አልጋ እኔን እየጠበቀ እንደተነጠፈ ነው ብለሽኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ተኚበት።

ልጅሽ ወይንሸት
ዐማራት፣ ካርቱም
ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.