ዝንፍ የማይለው ሰላምታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ሰላምታዬ ባለህበት በጤና ያግኝህ። እኛ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን።

ያስተማርከኝ ነገር መተዳደሪያዬ ሆኗል። የጥርስ ክሊኒኩን የቀጠሮ ማስታወሻ አሁን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ኮድ የለ፣ ምን የለ፤ መልእክት መላኪያው መሣሪያ ላይ ሳጥኖቹን አያይዤ ሰዓቱን ከሞላሁለት በኋላ ራሱ ይልካል። ባለፈው ሳምንት ግን ጉዴ ፈላ። ለአንድ ሽማግሌ «ነገ እንጠብቅዎታለን» ብሎ ላከ፤ በማግስቱ ልጃቸው ጥቁር ለብሳ መጣች። ማን ነግሮኝ ላስቁመው? መሣሪያው እንደሆነ ሰው ይኑር አይኑር ምን ያውቃል!

እማዬ ደህና ናት። «ደህና አደርሽ እናትዓለም፣ እኔ ደህና ነኝ» የምትላት የጠዋት መልእክትህ አንድ ደቂቃ እንኳ ዝንፍ ሳይል ይደርሳታል። «ልጄ እኮ ሰዓት ነው!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታሳያለች። በቀደም ወድቃ እጇ ተሰበረና በእኔ አጽፋ ላከችልህ። በማግስቱም ያው «እኔ ደህና ነኝ» መጣ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። ስልክህን ብደውል ብደውል ዝግ ነው፤ መስመሩ ይሆናል።

ያስተማርከኝ በዚሁ መሣሪያ ላይ ባለው በራስህ ገጽ ስለነበር የይለፍ ቃልህ እስካሁን አለኝ። ብከፍተው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደገባህ ይነግረኛል። ቃሉን ጽፌ እጨርስና ኮምፒውተሩን ዘግቼ የታጠበ ዕቃ መልሼ አጥባለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። በል ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ፣ ነገ አንዴ እንኳ ከሰዓቱ አርፍደህ ጻፍላት።

የምትሳሳልህ እህትህ