«ልጅ አይመረጥም» ያሉት የእትዬ እምቢ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እትዬ እምቢ የምንላቸው እናታችን በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸው አይታወቁም። ይህ ሳይድበሰበስ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ «ስሞት አባትና እናት ፈልጋችሁ እንዳትለጥፉብኝ» ብለዋል።

በሕፃናት ማሳደጊያ፣ ቀጥሎም በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት በአደራ ልጅነት አደጉ። ልብስ ሰፊዋ ክፉ አልነበሩም፤ ሆኖም እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ልጆች ሳሎን ይቀመጣሉ፣ እርሳቸው ጓዳ ይቀራሉ። አንድ ቀን ግን በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው ከእንግዶቹ መሃል ቁጭ አሉ። ቢቆጧቸው፣ ቢጎትቷቸው ንቅንቅ አላሉም። ስሙ የወጣላቸው ያኔ ነው።

በማታ ተምረው በማኅበራዊ ሥራ ከተመረቁ በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. ልጆችን ለአደራ ቤተሰብ በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። አናጢ ባለቤታቸውን አግብተው ወንድ ልጅ ወለዱ።

በመሥሪያ ቤቱ ልጆች ታጥበውና ተበጥረው አዳራሽ ውስጥ ይሰለፉ ነበር። አሳዳጊዎች እየዞሩ ይመርጣሉ። መልከ መልካሙና ጤነኛው ቶሎ ይሄዳል፤ ሌላው ዓይኑ እየተንከራተተ ይቀራል።

በ1981 ዓ.ም. ባልና ሚስት መጥተው ከሁለት እኅትማማቾች ታላቂቱን መረጡ። ታናሺቱ እግሯ ላይ ብረት ታስሮላት ነበር የምትራመደው። ታላቂቱ የእኅቷን ቀሚስ ጨምድዳ አለቅም አለች። ኃላፊው «ቤተሰብ የመምረጥ መብት አለው» ሲሉ፣ እትዬ እምቢ በሩን ዘግተው ቆሙ።

«ጫማ ነው እንዴ የምትሸጠው? ሁለቱም ይሄዳሉ፤ አለዚያ ማንም አይሄድም!»

ባልና ሚስቱ ትተው ሄዱ፤ እትዬ እምቢም ከሥራ ታገዱ። ከዚያ ከባለቤታቸው ጋር እንደ ማንኛውም አሳዳጊ ወረፋ ይዘው ሁለቱንም ጠየቁ። የሚከለክል ሕግ ስላልተገኘ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ቀጥሎም በመሥሪያ ቤቱ ላይ ክስ መሠረቱ። ዓመታት ፈጀ፤ ተረቱ፣ ይግባኝ አሉ፣ በመጨረሻም ረቱ። እኅትና ወንድም እንዳይነጣጠሉ፣ ማንም ልጅ በመልኩ፣ በአካሉ ወይም በሕመሙ እንዳይገፋ በፍርዱ መነሻነት በሕግ ተደነገገ። የመምረጫው ሰልፍም ቀረ። ወደ ሥራ ሲመለሱ ሰላምታ የነፈጓቸው ባልደረቦች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን «ጉሮሮዬን አሳረፉልኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል በተኙበት ወቅት ነርሷ አጠገባቸው የቆሙትን ሦስት ልጆቻቸውን አይታ «የወለዱት የትኛውን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አይተሽ ከለየሽ ንገሪኝ» አሏት። የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። «የማደጎ» የሚል ቃል እንዳይጨመር አደራ ብለዋል። ይህን የጻፈችውም ታናሺቱ ልጃቸው ናት።

ያንን ሕግ እናላላው የሚሉ ዛሬም አሉ። ጥቁር መልበሳችንን አይተው የተዘናጋን እንዳይመስላቸው።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ በክብር ያሳርፍልን፤ ለእኛም ጉልበት ይስጠን።