ከፍለሽበታልና ተቀመጪ

ጂንካ፣ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፣

ያን ሁሉ አገር አሻግሮ ለትምህርት ሞስኮ ያደረሰሽ ጌታ በወጣሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ቢያመውም ማሳ መውረዱን አልተወም፤ በቆሎውም ጎተራ ገብቷል።

የባቡር የወር ካርድ ገዝተሽ ሳለ፣ ባቡሩ ውስጥ ሰው ስለሚያፈጥጥብሽ በበረዶ በእግርሽ እንደምትሄጂ ጻፍሽልኝ። ልጄ፣ አንጀቴ አረረ።

ባለፈው ከቀይ አፈር ገበያ ስመለስ፣ አስቀድሜ ከፍዬ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ረዳቱ መጣና «እማማ፣ ከላይ ጭነቱ ላይ ይሁኑ፤ ጓድ ካድሬው መጥተዋል» አለኝ።

«እስከ ጂንካ ከፍያለሁ፤ አልወርድም!» አልኩት።

ካድሬው ራሱ በሩን ከፍቶ ጮኸብኝ። እኔ ግን ወንበሩን ይዤ አልተነሳሁም። በመጨረሻ እሱ ከላይ የተጫነው የማሽላ ጆንያ ላይ ወጣ። በማግስቱ ቀበሌ አስጠርተው ሲቆጡኝ ዋሉ። «ነገም ከከፈልኩ እቀመጣለሁ» ብያቸው ወጣሁ።

አንቺም ተሳፈሪ። ያፈጠጠ ሁሉ ዓይኑን ይድከመው። ካርዱን ብቻ አሳይተሽ ስታበቂ ወደ ኮትሽ የውስጥ ኪስ መልሺው፣ እንዳይጠፋብሽ።

መግባት መውጣትሽን ጌታ ይባርከው፤ አንገትሽን ቀና ያድርገው። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ በዚያ ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሂጂና ያየሽውን ጻፊልኝ።

እናትሽ አስካል