ተጠግኗል ስለተባለው አሳንሰራችን

ለተከበሩ የሕንጻው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ፤ ቢሮዎ ምድር ቤት ስለሆነ ደኅና እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔ ከታላቅ እህቴ ጋር አምስተኛ ፎቅ እኖራለሁ። እርሷ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ተሽከርካሪ ወንበር አትንቀሳቀስም፤ አሳንሰሩ ደግሞ ከቆመ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል።

አቤቱታችንን እንዲቀበል ስላስገቡልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስጋናዬ ይድረስዎ። የሆነውንና የተደረገውን መዝግቦ፣ ምን እንደተከተለ በራሱ ያመዛዝናል ብለውናል። አመዛዘኑን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጠጋኙ በመጀመሪያው ሳምንት መጣ፤ የሞተር ክፍሉ ቁልፍ ግን እረፍት በወጣው ጥበቃ ኪስ ነበር። ሃያ ደቂቃ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሄደ። መሣሪያዎ «ጠጋኝ ገብቷል፣ ጠጋኝ ወጥቷል፤ ስለዚህ አሳንሰሩ ተጠግኗል» ሲል ጻፈልኝ። አርባ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ክፍል ገብቼ ስለወጣሁ ተምሬያለሁ የሚል ተማሪ አልገጠመኝም፤ እንዲህ የሚል ቢኖር አድጎ የት ኃላፊ እንደሚሆን ግን አሁን ገባኝ።

፪. እንደቆመ ነው ብዬ ብጽፍ፣ «ከጥገናው ወዲህ አሳንሰሩን የሚያበላሽ ድርጊት አልተመዘገበም፤ ስለዚህ እየሠራ ነው» አለኝ። ተበላሽቶ የቆመን ነገር ዳግም ማን ያበላሸዋል፤ በዚህስ እውነቱን ነው።

፫. እህቴ ሁለት የሐኪም ቀጠሮ አለፋት ብዬ ባመለክት፣ «የአምስተኛ ፎቅ ነዋሪዋ ለሰባት ሳምንታት አሳንሰሩን አልጠሩም፤ ስለዚህ መውረድ አይፈልጉም» የሚል መልስ መጣ። መጥሪያውም አብሮ መሞቱን መዝገቡ አያውቅም። ለእህቴ አነበብኩላት። «አንቺ፣ ይሄ ነገር ባል ቢሆን ስንቴ በፈታሁት» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሙ እግሯ ሳይፍታታ ከከረመ ዳግም እንደማትቆም ነግሮናል።

፬. ይህን ቁጥር ለእርስዎ መልስ ክፍት ትቼዋለሁ። በራስዎ እጅ ቢጽፉት ደስ ይለኛል።

የታገሥነው እኛ ብንሆንም ስለ ትዕግሥትዎ እያመሰገንኩ፣ ከዘጠና ሁለት ደረጃ በላይ ሆኜ ወደ ታች እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ረቡዕ ጠዋት አራት ጎረቤቶች እህቴን ከነወንበሯ ተሸክመው ቢሮዎ ያደርሷታል፤ ጠጋኙ ሥራውን እስኪጨርስም እዚያው ትቀመጣለች። እባክዎ ለመሣሪያዎ አስቀድመው ይንገሩልኝ፤ አለበለዚያ ላይ የነበረች ሴት ታች ስለታየች አሳንሰሩ ሠርቷል ብሎ ይመዘግባል።