በሪፖርታችሁ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስለሚታየው ብርድ ልብስ

ይድረስ ለክቡር የማረሚያ ቤቱ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ስለ ሪፖርታችሁ ምስጋና ማቅረብና አንድ ብርድ ልብስ መጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? በጀርባዎ ተንጋለው ይተኛሉ? ደረትዎስ ደህና ነው? አንድ ወሬ ጀምረው ሳል ሳያቋርጥዎት ይጨርሳሉ? በሪፖርታችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በወጣው ፎቶ ፊትዎ ወዝ ብሎ ስላየሁት ደህና እንደሆኑ ገምቻለሁ፤ ይህ ወዝ አብሮዎት እንዲሰነብት እመኛለሁ።

እኔ በከባድ መኪና መለዋወጫ ግምጃ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ የእናንተን ዓይነት ቋንቋ ባልጽፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገርን በቁጥር ካላስቀመጥኩት ስለማይገባኝ የሥራ ባልደረቦቼ «ተራ ቁጥር» ይሉኛል፤ ባለቤቴም ስትናደድብኝ በዚሁ ስም ትጠራኛለች። ልጄ እናንተ በምትቆጣጠሩት ማረሚያ ቤት ክፍል ዘጠኝ ውስጥ ከገባ አሥራ አንድ ወር ሆነው። ንጹሕ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ተጣልቶ የሰው መንጋጋ ሰብሯል፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት፣ ዳኛውም ልክ ነበሩ። ዳኛው የፈረዱበት ግን ሁለት ዓመቱን እንጂ ሳንባውን አይደለም።

ሪፖርታችሁን ታናሽ እህቱ ስልኳ ላይ አግኝታ አሳየችኝ። በስልክ ማንበብ ስለማይሆንልኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በቀለም አሳተምኩት። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ላይ ልጄ እዚያ በመታሰሩ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረውም። ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ተራ ቁጥር 1። ከመምጣታችሁ አሥራ አምስት ቀን በፊት በደብዳቤ ስላስታወቃችሁ አመሰግናለሁ። ሰው ቤት ሳይናገሩ መሄድ ነውር መሆኑን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ማግኘት ቀላል አይደለም። ደብዳቤያችሁ መድረሱን እኛ ጠያቂዎች ያወቅነው ከሽታው ነው፤ ቅዳሜ ከምንሰለፍበት አጥር ማዶ የቀለም ሽታ አፍንጫችንን ሰነፈጠን። ከፊቴ የቆመች አንዲት እናት ፈታሹን «ምን ልትድሩ ነው?» ብትለው «እንግዳ አለብን፣ እናቴ፣ መስመርሽን ያዢ» አላት። የተቀባው ክፍል ሁለት ብቻ ነው፤ እናንተም ገብታችሁ ያያችሁት ክፍል ሁለትን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ መግባባት በትዳር ውስጥ እንኳ አይገኝም። እኛ ግምጃ ቤት የሚመጣው ቆጣሪ ግን ባለጌ ነው። ሳይደውል ይመጣል፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ማንም ምንም እንዳይነካ» ብሎ ከጥግ መደርደሪያ ይጀምራል። እሱ የሚቆጥረው ቡሎን ነው፣ እናንተ የምትቆጥሩት ሰው ነው። ቡሎን ይሉኝታ ስለሌለው ይሆናል እንደዚያ የሚደፈረው።

ተራ ቁጥር 2። በገጽ ስድስት «በጉብኝቱ ዕለት በርካታ ታራሚዎች የሙያ ሥልጠና ላይ ነበሩ» ብላችሁ ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። እነዚያ የክፍል ዘጠኝ አርባ ሰባት ሰዎች ናቸው። ጠዋት ከቁርስ በፊት አስነስተው ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለው የእንጨት መጋዘን ውስጥ አስገቧቸው፣ በሩን ዘጉባቸው፤ እናንተ ሻያችሁን ጠጥታችሁ እስክትሄዱ ድረስ ጉልበታቸውን አቅፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ድምፅ ያሰማ ወዮለት ተብለዋል። ልጄ ሳሉ ሲመጣበት የጃኬቱን እጅጌ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ነው የዋለው። ዝም ብሎ የመቀመጥ ሙያ መሆኑ ነው። ሲፈታ ሥራ እንደሚያገኝበት አልጠራጠርም፤ ምናልባት እናንተ ቦርድ ውስጥ።

ተራ ቁጥር 3። ገጽ ስምንት «በአስተያየት ሳጥኑ ውስጥ አንድም ቅሬታ አልተገኘም፤ ይህም የታራሚዎችን እርካታ ያሳያል» ይላል። ሳጥኑ የተሰቀለው ምክትል ኃላፊው ቢሮ ውስጥ፣ ከወንበራቸው ጀርባ ነው። ቅሬታ ያለው ታራሚ ወረቀቱን ከእሳቸው ይጠይቃል፣ እስክሪብቶውን ከእሳቸው ይዋሳል፣ እዚያው ፊታቸው ቆሞ ይጽፋል። ቁልፉ ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ እኔን አልገረመኝም፤ እናንተን አለመግረሙ ነው የገረመኝ።

ተራ ቁጥር 4። በገጽ ዘጠኝ ያለውን የእሳት ማጥፊያ ፎቶ በእህቱ ስልክ አጉልቼ አየሁት። ጠቋሚ መርፌው ቀዩ ላይ ተኝቷል፤ ባዶ ነው ማለት ነው፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ከሥሩ «ለአገልግሎት ዝግጁ» ብላችሁበታል። ለአርባ ሰባት ሰው አንድ በር ነው ያለው፤ ለአንዱ በር አንድ ቁልፍ፤ ቁልፉ ደግሞ ግቢው ማዶ ከሚቀመጠው ጥበቃ ጋ። አመሰግናለሁ።

ተራ ቁጥር 5። ይህን ባለቤቴ ሰርዛዋለች። ስለ ምክትል ኃላፊው ነበር። «የምትጽፈው አንተ፣ የሚመታው ልጃችን» አለችኝ። እሷ ጽሑፉን ሰረዘች፣ እኔ ቁጥሩን ተውኩት፤ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር እንደነበረ ይታወቅ ብዬ ነው።

ተራ ቁጥር 6። በገጽ አሥር «የሕክምና አገልግሎት፦ አጥጋቢ» ይላል። አንባቢን ላለማድከም በአንድ ቃል መጨረሳችሁን አደንቃለሁ። እኔ እንዳለመታደል ሆኖ በአንድ ቃል አይበቃኝም። ክፍል ዘጠኝ ውስጥ ሰው የሚተኛው በጎኑ ነው፤ አንዱ መገልበጥ ሲያምረው የክፍሉ ተጠሪ «ዙሩ!» ይላል፣ አርባ ሰባቱም አብረው ይዞራሉ። ለልጄ የደረሰችው ቦታ ከመጸዳጃው ግድግዳ ሥር ናት፤ ግድግዳው እንደ ሰው ያልበዋል። በሌላው ጎኑ የሚተኛው አንድ አናጺ ነበር። አናጺው ከልጄ በፊት ሲስል የኖረ ሰው ነው። እናንተ ከመምጣታችሁ ሦስት ቀን በፊት «ሆስፒታል ሄደ» ተባለ። ቦታውን ለሌላ ሰጡት፤ እሱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ በሠላሳ ሁለቱ ገጽ ውስጥም ስለ እሱ አንድ መስመር የለም።

ልጄ መሳል ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። ሐኪም የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ልጄ አምስት ማክሰኞ ተመዝግቧል፣ አምስቱንም ጊዜ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ተመልሷል። ባለፈው ታጥቦ እንዲመለስለት ከላከው ልብስ መሀል አንድ መሐረብ ነበር፤ እናቱ ስትዘፈዝፈው ውሃው ቀላ። ለእኔ ሳትነግረኝ ሁለት ቀን ደብቃኝ ቆየች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እሷም አይደለችም። ግን ይሄ አጥጋቢ የሚባለው ነገር ማንን ነው ያጠገበው ብዬ እንድጠይቅ ይፈቀድልኝ።

ተራ ቁጥር 7። አሁን ወደ ገጽ አሥራ አንድ ልምጣ።

ፎቶው የክፍል ሁለት ነው። አሥራ ሁለት አልጋ ተደርድሯል፤ በመስኮቱ ፀሐይ ገብቷል፤ ከፊት ያለው አልጋ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ በወግ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ «በተቋሙ ለታራሚዎች የቀረበ የመኝታ ልብስ» ይላል። ባለቤቴ ገጹን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ መነጽሯን አደረገች፣ መስኮቱ ጋ ወሰደችው፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ይሄ የኔ እጅ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሲታሰር ማስገባት የሚፈቀደው የአንድ ሰው ብርድ ልብስ ብቻ ነው ተባልን። የእኛ የሁለት ሰው ነበር። እናቱ በመቀስ ለሁለት ከፈለችውና የተቆረጠውን ጠርዝ በእጇ ሰፋችው። የጠርዙ ሩብ ሲቀራት ሰማያዊው ክር አለቀባትና በቀይ ጨረሰችው። ሰማያዊ ገዝቼ ልምጣ ብላት «ተወው ባክህ፣ እዚያ ማን ያየዋል» አለችኝ። እናንተ አያችሁት፤ በቀለም አትማችሁም ለሁሉ አሳያችሁት። በሕይወቷ ስፌቷ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም፤ በእሷም ስም አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ሄጄ በሽቦው መሀል «ብርድ ልብስህስ?» ስለው «አለ» አለኝ። «የት?» ስለው «አባዬ፣ አለ አልኩህ እኮ» ብሎ ተቆጣ። ፎቶውን እንዳየሁት ስነግረው ግን ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሳል ተለወጠና ከአሥራ አምስቱ ደቂቃችን አራቱን ወሰደብን። ከዚያ ነገረኝ። ከመምጣታችሁ በፊት የነበረው ምሽት ላይ «ለማጠብ» ተብሎ ከክፍል ዘጠኝ ደህና ደህናው ተመርጦ አሥራ ሁለት ብርድ ልብስ ተሰበሰበ። እስካሁን እየታጠበ ነው። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ልጅ ባየኝ ቁጥር «አባዬ፣ እንዳትጽፍ፣ እኔ ነኝ የምመታው» ይለኝ ነበር። እኔም ፈሪ ስለሆንኩ እሺ እል ነበር። ያን ቅዳሜ አፉን በእጅጌው ጠረገና «ጻፍ በቃ» አለኝ። እንዳትጽፍ ሲለኝ እተኛ ነበር። ጻፍ ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ በፖስታ መላክ እችል ነበር። ግን ሁለት ቀለም ክር ያለው ብርድ ልብስ የማን እንደሆነ ለማወቅ ለምክትል ኃላፊው ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይወቀው አልኩ። ያወቀው ሰው ከበዛ ልጄ ላይ የሚነሳው እጅ ትንሽ ያስብ ይሆናል ብዬ ነው፤ ሌላ ጋሻ ቢኖረኝ በዚህ አላስቸግርዎትም ነበር።

ልመናዬ ብዙ አይደለም፦

ሀ) በዚህ ሳምንት፣ ያለ ደብዳቤ፣ ክፍል ዘጠኝ ግቡ። ከጥጉ ጀምሩ።

ለ) ከውጭ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ፤ የአርባ ሰባቱም ሰው አክታና ደረት ይመርመር። የልጄ ብቻ አይደለም፤ አናጺው ቦታ ላይ የተኛው ሰውም አባት ይኖረዋል።

ሐ) አናጺው የት እንዳለ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት።

ሳጥኑም ቀለሙም እሳት ማጥፊያውም ለሚቀጥለው ሪፖርት ሊቆይ ይችላል። መሐረቡ ላይ ያየነው ግን አይቆይም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለእርስዎና ለቦርድዎ ያለኝን አክብሮት እንደ ክፍል ሁለት ግድግዳ አዲስ ቀለም ቀብቼ አቀርባለሁ።

ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰልፉ የማይጠፋው፣
የክፍል ዘጠኙ ልጅ አባት
(«ተራ ቁጥር»)

ግልባጭ፦
– ለምክትል ኃላፊው፤ ለሳጥኑ ቁልፍ እንዳላስቸግራቸው በእጃቸው
– ለአናጺው ቤተሰቦች፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ቢያደርስልኝ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የብርድ ልብሱ ሌላኛው ግማሽ እኛ ቤት ነው፤ እህቱ ትለብሰዋለች። የእሱ በቀይ ስላለቀ የእሷ ጠርዝ ዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። የገጽ አሥራ አንዱን ይዛችሁ ብትመጡ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመን ማየት እንችላለን። አስቀድማችሁ መጻፍ አያስፈልጋችሁም፤ እኛ ለእንግዳ ብለን የምንቀባው ክፍል የለንም።