ኖህ «ልቀቅ» ያለ ቀን

ለእማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስታዪ ትሳደቢያለሽ? ጸበሉ ቀዘቀዘኝ ብለሽ ካህኑን እንዳላስቸገርሽ ተስፋ አለኝ። እኛ ደህና ነን። ጉለሌም ከነጭቃዋ እንደተውሻት አለች። ሩፋይዳ ሱቅ በር ላይ የፕላስቲክ እባብ አስቀምጬ አንድ ሰውዬ ዘሎ ጫማው ወለቀ። ሩፋይዳ ረገመችኝ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም፣ ጫማውን አየሁት።

ደብዳቤውን አጸደ ታመጣልሻለች። እዚያ ስልክ አይሠራም፣ ቢሠራም ታቋርጪኛለሽ። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። የፊደል ስህተቱን ከአሥረኛ ክፍል ላባረሩኝ አስተማሪዎች ተይላቸው።

በአጸደ የላክሽው መልእክት ደርሶናል። የጋሽ ስብሐት ሚስት እዚያ ድረስ መጥታ እግርሽ ላይ ወድቃ አለቀሰች አሉ። ኖህ ለመርማሪዎቹ «አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሳቡት ጋሽ ስብሐት ናቸው» ይበል፣ የክርስትና አባቱ ናቸው፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው ብለሻል። ኖህ ሰምቶ «እሺ» አለ። ሐሙስ ይጠይቁታል። አንቺ ካልሽው ይላል። ፀጉሩን ለመቆረጥ እንኳ እናቱን የሚያስፈቅድ ፓይለት የወለድሽ አንቺ ብቻ ነሽ።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ፤ የጋሽ ስብሐት ሚስት አውሮፕላኑ ላይ አልነበረችም።

ማክሰኞ ዕለት ነው። ሊያርፉባት የነበረችው ከተማ በዳመና ተሸፍናለች። እንዲህ ሲሆን ውጭ አይታይም፣ መሣሪያውን እያዩ ነው የሚወርዱት። መሪውን የያዙት ጋሽ ስብሐት ናቸው፣ ኖህ አጠገባቸው ነው። በመሀል ማሽኑ በእንግሊዝኛ ጮኸ። መሬት፣ መሬት፣ ወደ ላይ ሳብ። ድምፁን ታውቂዋለሽ። ኖህ ተማሪ እያለ ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንበር ደርድረን፣ ዘነዘናሽን መሪ አድርገን ስንለማመድ እኔ ነበርኩ ማሽኑም ካፒቴኑም። ሱሪውን ሲያጠልቅ ስጮህበት ተደፍቶ፣ «አንቺ ልጅ፣ ልብ ድካም ታሲዢዋለሽ» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ሕጉ አንድ ነው። ያ ድምፅ ከመጣ ውይይት የለም፤ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተሽ፣ ጩኸቱ እስኪያቆም አፍንጫዋን ሽቅብ ትስቢያለሽ። ወሬው በኋላ ነው። ኖህ ግን እኔ እንደ ሽማግሌ እየሳልኩ «ተው ልጄ፣ ይህን ተራራ አውቀዋለሁ» ስለው ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር። «ካፒቴን፣ ካላስቸገርኩዎት» ይላል። በዚያ ዘነዘና ስንት ጊዜ ተራራ ላይ ፈጀን መሰለሽ።

ጋሽ ስብሐትም ያንኑ አሉት። ይህን ራሱ ኖህ ነው የነገረኝ። «ተዋት፣ እዚህ ጋ ስትደርስ ሁሌም ትጮኻለች።» እሱም «ጋሼ ይቅርታ፣ ብንወጣስ» አለ። ማሽኑ ደገመ። «ጋሼ፣ እባክዎ» አለ። ማሽኑ ሠለሰ። ያኔ ነው፣ በሽማግሌ ፊት እግሩን አነባብሮ የማይቀመጠው ልጅሽ፣ የክርስትና አባቱን እጅ መትቶ «ልቀቅ» ያለው። መሪውን ይዞ ሳበ።

አውሮፕላኗ ስትነሣ ከወንበር ሥር የነበረው ዕቃ ሁሉ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ማንም አልጮኸም። ከክንፉ ሥር ዳመናው አንዴ ተቀደደና ገደል አፋፍ ላይ አንድ ሰውዬ ታየ፤ ቀይ ጃንጥላ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቀና ብሎ። ጥርሱ ይቆጠር ነበር። ከዚያ ሁሉም መልሶ ነጭ ሆነ። ሌላ ከተማ ሄደው አረፉ። ጋሽ ስብሐት ኮታቸውን ቆልፈው፣ የኖህን ጭንቅላት ዳብሰው ወረዱ። ለመሥሪያ ቤቱ ግን «የሳብኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ኖህን ስለ ጃንጥላው ጠየቅኩት። አላየሁም አለኝ። ዓይኑ መሣሪያው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተራራውን አያነሳም። «ጋሼን ልቀቅ አልኳቸው» ብቻ ነው የሚለው፣ እጁን እያየ። እኔም እንዲሁ ነኝ። ትናንት ሽሮው ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። ሁለታችንም በላነው።

ጋሽ ስብሐትን አልጠላኋቸውም። ብስክሌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን ኖህ ያልሽውን ከተናገረ ተመልሰው ያንን መሪ ይይዛሉ። ማሽኑ ሲጮህም «ተዋት» ይላሉ። አጠገባቸው የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ በዘነዘና ያለማመደችው ለካፊ እህት ላትኖረው ትችላለች። እና አጸደ ስትመለስ «የሆነውን ተናገር» ብለሽ ላኪበት። እኔ ብለው ቀልድ ይመስለዋል።

ሌላም ነገር አለ። ያን ማክሰኞ ሸጎሌ አክስቴ ጋ ነው የዋልኩት ብዬሽ ነበር። እሷን አትቆጫት፣ አላየችኝም። ለልደቴ ኖህ በቤተሰብ ቲኬት በነፃ ሊያሳፍረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። የመስኮቱን ወንበር አስመርጦ ሰጠኝ።

ጸበሉ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ። የእንጦጦዋ ማርያም በደህና መልሳሽ፣ ሁለታችንንም ለመቆጣት ታብቃሽ።

ታናሿ ልጅሽ